በሞተር ሳይክል ድንበር ተሻግሮ እሁድ ማታ ቤት መግባት፦ ከዝግጅት እስከ መመለስ

ይህን ጉዞ የሚሞክሩ ብዙ ናቸው፤ መንገድ ላይ የሚቀሩትም አያንሱም። አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ደግሞ ኩርባ ወይም ጭቃ ላይ ሳይሆን ኬላ ላይ ነው። ሞተሩ ታጥቦ፣ ዘይት ተቀይሮ፣ ሻንጣ ታስሮ አርብ ከሰዓት ይወጣሉ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሊብሬው በወንድም ስም መሆኑ ይታያል፣ ጉዞው እዚያው አለቀ። ያለፉትም ቢሆኑ እሁድ ከሰዓት ይጣበቃሉ፦ ወይ ኬላው ሊዘጋ 10 ደቂቃ ሲቀረው ይደርሳሉ፣ ወይ ሲገቡ ፓስፖርታቸውን ብቻ አስመትተው ሞተሩን አላስመዘገቡም።

ስለዚህ እኛ የምንጀምረው ከእሁድ ነው። ደረጃዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ሂዱባቸው። ሻንጣ ማሰር ደስ ስለሚል ሁሉም ሰው ከእሱ ይጀምራል፤ እናንተ ግን ደረጃ 2 ሳያልቅ ሻንጣ እንዳትነኩ።

ደረጃ 1፦ ጉዞውን ከእሁድ ወደ ኋላ ቁጠሩት

የሁለት ቀን ጉዞ ውስጥ ድንበር ሁለት ጊዜ ይሻገራል። ይህን የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ወረቀትና ብዕር ያዙና እንዲህ አስሉ፦

1. እሁድ ቤት መግባት ያለባችሁን ሰዓት ጻፉ። ከመጨለሙ በፊት ይሁን። ለምሳሌ አመሻሽ 12 ሰዓት።
2. ከኬላው እስከ ቤት የሚወስደውን ጊዜ ቀንሱ። የስልክ ካርታው የሚሰጣችሁ የመኪና ሰዓት ነው፤ ለነዳጅ፣ ለውሃና ለእግር ማፍታቻ አንድ ሦስተኛ ጨምሩበት። 3 ሰዓት ሆነ እንበል፤ ከኬላው ከቀኑ 9 ሰዓት መውጣት አለባችሁ።
3. ለኬላው ራሱ 2 ሰዓት ቀንሱ። 7 ሰዓት ላይ ኬላው በር ላይ ናችሁ ማለት ነው።
4. ከማረፊያችሁ እስከ ኬላው ያለውን ቀንሱ። 2 ሰዓት ከሆነ ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ሞተር ታስነሳላችሁ።

እሁድ የጉብኝት ቀን እንዳልሆነ አሁን ታየ። በቃ፣ ተቀበሉት። ካልተቀበላችሁ ሰኞን ከሥራ ፈቃድ ውሰዱ።

እንደ እኔ ልምድ ኬላ ያለበት ቀን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ አይታቀድም። በሰዓት 90 እየነዳችሁም ቢሆን መቆሚያው ሁሉ ሲደመር አማካዩ 60 ቢሆን ጎበዝ ናችሁ። ማረፊያውን ደግሞ ከድንበሩ ማዶ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ አድርጉት። ከዚያ የራቀ ውብ ቦታ ለረጅም እረፍት ይቆይ።

ስለ ኬላው ራሱ ከመነሳታችሁ በፊት አራት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ተሽከርካሪ ያሳልፋል ወይ? ለእግረኛ ወይም ለድንበር አካባቢ ነዋሪ ብቻ የተከፈቱ መሻገሪያዎች አሉ። ሁለተኛ፣ የሁለቱም ወገን ሰዓት፤ አንዱ ሲከፍት ሌላው ላይከፍት ይችላል፣ የሰዓት ቀጠናውም ሊለያይ ይችላል። 06:00 ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ጠዋት 12 ሰዓት ነው፤ ሳቅ የሚያስቅ ስህተት ይመስላል፣ ግን ሰው ተሳስቶበት ያውቃል። ሦስተኛ፣ የእሁድ ሰዓት ከአዘቦቱ ይለያል ወይ? አራተኛ፣ በዚያ ሳምንት በሁለቱም አገር የሕዝብ በዓል አለ ወይ?

በአውሮፓው የሸንገን ቀጠና ውስጥ ባሉ አገሮች መካከል ከሆነ የምትሄዱት መደበኛ ፍተሻ ስለሌለ የኬላው ሁለት ሰዓት ይቀርላችኋል። ፓስፖርትና የሞተር ወረቀት ግን ያዙ፤ ድንገተኛ ፍተሻ አለ።

ደረጃ 2፦ ወረቀት

ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ጀምሩ። ይህን ደረጃ አታሳጥሩት።

የራሳችሁ ወረቀት

ፓስፖርታችሁ ከጉዞው ቀን በኋላ ቢያንስ 6 ወር የቀረው ይሁን፣ ባዶ ገጾችም ይኑሩት። ብዙ አገሮች ይህን ይጠይቃሉ። ቪዛ የሚያስፈልግ ከሆነና በኢንተርኔት የምታወጡት ከሆነ ትንንሾቹን ጽሑፎች አንብቡ፤ አንዳንዱ ቪዛ የሚሠራው በተዘረዘሩ አየር ማረፊያዎችና ኬላዎች ብቻ ነው። በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው የሚሰጥ ቪዛ ይዞ በሞተር ኬላ ላይ መድረስ ተመለስ መባል ነው። የምትኖሩት ዜጋ ባልሆናችሁበት አገር ከሆነ ደግሞ የመመለሻችሁን ነገር አስቡ፦ ወጥቶ ለመግባት የሚያስችል የመኖሪያ ፈቃድ ወይም የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ከሌላችሁ መውጣቱ ቀላል ነው፣ መግባቱ ነው ጉዱ።

መንጃ ፈቃዱ የሞተር ሳይክል ምድብ ይኑረው። የመኪና መንጃ ፈቃድ ይዞ «አገሬ ላይ ማንም አይጠይቀኝም» ማለት እዚያ አይሠራም። የምትሄዱበት አገር ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ የሚጠይቅ ከሆነ የትኛውን እንደሚቀበል እወቁ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 የጄኔቫ ስምምነት የሚሰጥና እ.ኤ.አ. በ1968 የቪየና ስምምነት የሚሰጥ አለ። የመጀመሪያው ለ1 ዓመት፣ ሁለተኛው ቢበዛ ለ3 ዓመት ያገለግላል። ሁለቱም መንጃ ፈቃዱን የሚተረጉሙ እንጂ የሚተኩ አይደሉም፤ ዋናው አብሮ ካልተያዘ ብቻቸውን ዋጋ የላቸውም። የሚወጡትም መንጃ ፈቃዳችሁን ከሰጣችሁ አገር ነው፣ ኬላ ላይ አታገኟቸውም። የሞተር ምድቡ ላይ ማህተም መመታቱን ቢሮው ውስጥ እያላችሁ እዩ።

የሞተሩ ወረቀት

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የናንተ ካልሆነ ከባለቤቱ የውክልና ወይም የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በውልና ማስረጃ የተረጋገጠ ይሁን፣ ታርጋውን፣ የሻንሲ ቁጥሩን፣ የምትሄዱበትን አገርና ቀኑን ይጥቀስ። የምትሄዱበት አገር ቋንቋ ሌላ ከሆነ ትርጉም አያይዙ። በባንክ ብድር የተገዛ ከሆነ የባንኩን ፈቃድ ጠይቁ። የተከራያችሁት ከሆነ ድንበር መሻገር እንደተፈቀደ ውሉ ላይ በጽሑፍ ይስፈር፤ «ችግር የለውም፣ ሂዱ» የሚል የቃል ፈቃድ ጉምሩክ ፊት አይቀርብም።

አሁን ከሊብሬው ጋር ወደ ሞተሩ ሂዱ። የሻንሲ ቁጥሩንና የኢንጂን ቁጥሩን እያንዳንዱን ፊደልና አኃዝ እየነካችሁ አስተያዩ። የጓደኛዬ ሞተር ሳይክል ኢንጂኑ ተቀይሮ ነበር፤ ሊብሬው ግን የድሮውን ቁጥር ይዞ ቀርቷል። አገር ውስጥ ለዓመታት ማንም አላየውም። ኬላ ላይ አንድ ባለሙያ በእጅ ባትሪ አጎንብሶ አየው። አራት ሰዓት ሙሉ ሞተሩ የተሰረቀ እንዳልሆነ ስናስረዳ ዋልን፣ በመጨረሻም ወደ ቤት ተመለስን። እኔም አብሬው፤ ምን ላድርግ።

ጊዜያዊ መግቢያ

የውጭ አገር ሞተር ሲገባ ጉምሩኩ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፦ ቀረጥ ሳይከፈልበት እዚያ ይሸጣል ብሎ። ስለዚህ «ይህ ሞተር ተመልሶ ይወጣል» የሚል ዋስትና ይፈልጋል። ዋስትናው እንደ አገሩ ይለያያል። አንዳንዱ ኬላ ላይ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ጽፎ ይሰጣል። አንዳንዱ ገንዘብ ያስይዛል። አንዳንዱ ካርኔ ይጠይቃል። ካርኔ የአገራችሁ አውቶሞቢል ክለብ ወይም ሥልጣን የተሰጠው ተቋም ዋስትና አስይዞ የሚሰጠው፣ ቢበዛ ለአንድ ዓመት የሚያገለግል መዝገብ ነው፤ ሲገባና ሲወጣ ይታተምበታል፣ ቅጠሉም ተቆርጦ ይቀራል። ለምሳሌ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ፓኪስታን የራሱን ሞተር ይዞ የሚገባ ሰው ካርኔ ይጠየቃል። ካርኔ ለማውጣት ሳምንታት ሊወስድ ይችላል፣ የሚያዘውም ገንዘብ ቀላል አይደለም። ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ብሎ ካርኔ ማውጣት ለእኔ አይመስለኝም፤ ካርኔ የማይጠይቅ ጎረቤት አገር ምረጡ።

የራሳችሁን አገር ጉምሩክም አትርሱት። ሲወጡ ሞተሩን በጊዜያዊነት እንደወጣ ማስመዝገብ ግዴታ የሆነበት አገር አለ። ካላስመዘገባችሁ ስትመለሱ የገዛ ሞተራችሁ እንደ አዲስ ዕቃ ቀረጥ ሊጠየቅበት ይችላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ደውላችሁ ጠይቁ፣ የመለሰላችሁን ሰው ስምና ቀኑን ጻፉ።

ኢንሹራንስ

የአገር ውስጥ ኢንሹራንሳችሁ ብዙ ጊዜ ድንበሩ ላይ ያበቃል። ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ድንበር ተሻጋሪ ካርዶች አሉ፦ በአውሮፓና አካባቢው አረንጓዴ ካርድ፣ በምሥራቅና በደቡባዊ አፍሪካ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ፣ በምዕራብ አፍሪካ የኤኮዋስ ቡናማ ካርድ። አረንጓዴ ካርድ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በነጭ ወረቀት መታተም ስለተፈቀደለት ነጭ ሲሰጧችሁ አትደንግጡ። ይልቅ የአገሮቹን ምልክት እዩ፤ የተሰረዘበት አገር ውስጥ አይሠራም። ካርድ ከሌለ ኬላ ላይ የአጭር ጊዜ ኢንሹራንስ የሚሸጥበት አገር ብዙ ነው፤ መሸጡን ግን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፣ እሁድ መሸጡንም።

እነዚህ ሁሉ የሚከፍሉት እናንተ ለጎዳችሁት ሰው ነው። ለራሳችሁ ሕክምና የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ፤ ውሉ ውስጥ «ሞተር ሳይክል» የሚለውን ቃል ፈልጉ። ብዙ ውሎች ከ125 ሲሲ በላይ ያለውን አይሸፍኑም፣ ወይም ሄልሜት ያላደረገንና ተገቢው መንጃ ፈቃድ የሌለውን ያስወጣሉ።

ቅጂ

የሁሉም ወረቀት 3 ቅጂ ይኑራችሁ። አንዱ ከዋናው ጋር፣ አንዱ ሌላ ቦርሳ ውስጥ፣ አንዱ ለጉምሩኩ የሚሰጥ። በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ቦታ አስቀምጡ። ጉርድ ፎቶም ሁለት ሦስት ያዙ። ዋናዎቹን ውሃ በማያስገባ ፌስታል ጠቅልላችሁ ደረት ኪስ ውስጥ አድርጉ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱ።

ደረጃ 3፦ የዚያኛውን አገር ሕግ አጥኑ

አንድ ምሽት ይበቃል። የሚነዳው በግራ ነው ወይስ በቀኝ? ፍጥነቱ በኪሎ ሜትር ነው ወይስ በማይል? ብሪታንያ ውስጥ 60 የሚል ምልክት ወደ 97 ኪሎ ሜትር ነው። ሞተር የማይገባበት መንገድ አለ? ደቡብ ኮሪያ ውስጥ ሞተር ፈጣን መንገድ ላይ አይወጣም፤ ፊሊፒንስ ውስጥ ከ400 ሲሲ በታች የሆነ አይወጣም። ግዴታ የሆነ ዕቃ አለ? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2016 ጀምሮ ደረጃውን የጠበቀ ጓንት ግዴታ ነው፣ አንጸባራቂ ሰደርያም መያዝ አለበት። የመንገድ ክፍያ አለ? ስዊዘርላንድ፣ ኦስትሪያና ስሎቬኒያ በፈጣን መንገድ ለሚሄድ ሞተር የክፍያ ምልክት ይጠይቃሉ፣ ቼክ ሪፐብሊክ ግን ሞተርን አታስከፍልም። ካርታው ላይ «ፈጣን መንገድ አትምራኝ» የሚለውን ማብራት አንዳንዴ ቅጣትም ጊዜም ያድናል።

ደረጃ 4፦ ሞተሩን ከአንድ ሳምንት በፊት እዩት

ሐሙስ ማታ አይደለም። ሐሙስ ማታ የተገኘ ብልሽት ቅዳሜን ይበላል።

1. ጎማ። ነፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለኩ። ጭነት ስላለ አምራቹ ለጭነት የጻፈውን መጠን ተጠቀሙ፤ ብዙ ጊዜ የኋላው ከፍ ይላል። ጥርሱ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ቀይሩት። ጎኑ ላይ ስንጥቅ ወይም እብጠት ካለ ጥርሱን አትዩት፣ ቀይሩ።
2. ሰንሰለት። በመመሪያ መጽሐፉ የተጻፈ የመላላት መጠን አለ፤ በብዙ ሞተሮች ከ25 እስከ 35 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ጎማውን እያዞራችሁ በየቦታው ለኩ። አንድ ቦታ ላልቶ ሌላ ቦታ ከጠበቀ ሰንሰለቱ አልቋል፤ ማጥበቅ አያድነውም። በጣም ማጥበቅ ከማላላት ይብሳል።
3. ፍሬን። የፍሬን ሸራው ውፍረትና የፍሬን ዘይቱ መጠን። እጀታው እንደ ስፖንጅ ከተጫነ ውስጡ አየር አለ፤ ይውጣ።
4. መብራት። የፊት፣ የኋላ፣ የፍሬን፣ ፍሬቻ፣ የታርጋ መብራትም ጭምር። ፖሊስ ለማስቆም ምክንያት ሲፈልግ ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው።
5. ባትሪ። ጠዋት ቀዝቃዛ እያለ እያመነታ ከተነሳ በእሱ አትሂዱ። ጫፎቹን አጥብቁ።
6. ዘይትና የፍሪሲዮን ገመድ። ገመዱ ጫፉ ላይ ክሩ ከተበጠሰ ይቀየር።

ከዚያ ሙሉ ጭነቱን ጭናችሁ ቢያንስ 50 ኪሎ ሜትር ነድታችሁ ተመለሱ። የላላ ብሎን፣ የሚነካካ ሻንጣ፣ የሚያምም መቀመጫ ያን ጊዜ ይገለጣል። ከዚህ ሙከራ በኋላ አዲስ ነገር ምንም አትግጠሙ። አዲስ ጫማም ቢሆን።

ነዳጁንም አስሉት። ታንኩ 15 ሊትር ከሆነና በ100 ኪሎ ሜትር 4 ሊትር ከበላ በወረቀት 375 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በተግባር 250 ላይ ሙሉ። ከድንበሩ በፊት ያለው የመጨረሻ ማደያ ላይም ምንም ያህል ቢኖራችሁ ሙሉ፤ ማዶ የመጀመሪያው ማደያ የት እንዳለ፣ የናንተን ካርድ ይቀበል አይቀበል አይታወቅም።

ደረጃ 5፦ ጭነት

ሁለት ቀን ነው። ሁለት ሱሪ አይበዛም፣ አራት ግን ይበዛል። ከባዱን ነገር ወደ ታችና ወደ መሃል፣ ቀላሉን ወደ ላይና ወደ ኋላ አድርጉ። ከባድ ነገር ከኋላ ጫፍ ላይ ከተሰቀለ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው መንቀጥቀጥ ይጀምራል። የጨርቅ ሻንጣ ከጭስ ማውጫው በደንብ ይራቅ፤ ሲነዳ ወደ ውስጥ ስለሚወዘወዝ ቆሞ የራቀው ሲሄድ ይነካል። የገመድ ትርፍ ጫፍ ተንጠልጥሎ አይቅር፤ ሰንሰለቱ ውስጥ ከገባ የኋላ ጎማውን ያስራል።

መያዝ ያለበት፦ ጎማ መጠገኛ፣ ትንሽ ነፋስ መሙያ፣ ለሞተሩ ብሎኖች የሚሆኑ ቁልፎች፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ትርፍ ፊውዝ፣ የሽቦ ማሰሪያ፣ ፕላስተር፣ የዝናብ ልብስ፣ የመጀመሪያ እርዳታ ቦርሳ፣ 2 ሊትር ውሃ። ሁለተኛውን የሞተር ቁልፍ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ ሻንጣው የሚከፈተው በዚያው ቁልፍ ከሆነ ምን ዋጋ አለው? ኪሳችሁ ውስጥ ወይም አብሯችሁ የሚሄድ ሰው ጋር ይሁን።

ለብርድ ተዘጋጁ። አየሩ 10 ዲግሪ ሆኖ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስትነዱ ያልተሸፈነ ቆዳ የሚሰማው ወደ 4 ዲግሪ ገደማ ነው። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ዘግይቶ ይይዛል።

አትያዙ፦ ድሮን፣ የሬዲዮ መገናኛ፣ ትልቅ ቢላ፣ የሚረጭ መከላከያ። በአንድ አገር ተራ ዕቃ የሆነው በሌላው ያስይዛል። መድኃኒት ከያዛችሁ ከነማሸጊያውና ከሐኪም ማዘዣው ይሁን፤ ኮዴይን ያለባቸው ማስታገሻዎች በተለይ።

ደረጃ 6፦ መነሻ

አርብ ከሥራ ወጥቶ በጨለማ መንዳት ያጓጓል፣ አታድርጉት። ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተነሱ። በየ90 ደቂቃው ባትደክሙም ውረዱ፤ ድካም ሞተር ላይ ቀድሞ የሚታየው ኩርባ ላይ በሚሠራ ትንሽ ስህተት ነው። ሁለት ስህተት በተከታታይ ከሠራችሁ ቁሙ።

ዝናብ ሲጀምር የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ከሁሉም የከፉ ናቸው፤ አስፋልቱ ላይ ያለው ዘይትና አቧራ ከውሃው ጋር ይላቆጣል። ከቻላችሁ ጠብቁ። የባቡር ሐዲድ በተቻለ መጠን ቀጥ ብላችሁ ተሻገሩ፣ መንገድ ላይ የተቀባ ነጭ መስመር ላይ ፍሬን አትያዙ።

ደረጃ 7፦ ኬላው ላይ

ቅደም ተከተሉ በአብዛኛው ይኸው ነው፦

1. ከመድረሳችሁ 5 ኪሎ ሜትር በፊት ቁሙ። ውሃ ጠጡ፣ ሽንት ቤት ሂዱ፣ ወረቀቱን አውጡ። የሚቀርጽ ካሜራ ካለ አጥፉ፤ ድንበር ላይ ፎቶ ማንሳት በብዙ ቦታ ክልክል ነው።
2. ሄልሜትና መነጽር አውልቁ። ፊታችሁ ይታይ። ያሳዩዋችሁ ቦታ ላይ አቁሙ።
3. በራሳችሁ ወገን ኢሚግሬሽን፦ የመውጫ ማህተም።
4. በራሳችሁ ወገን ጉምሩክ፦ የሞተሩ ጊዜያዊ መውጫ፣ የሚያስፈልግ ከሆነ። ከማህተሙ በፊት መጠየቅ ይሻላል፤ ተመትቶ ከወጣ በኋላ ለአንድ ወረቀት መመለስ ራስ ምታት ነው።
5. ማዶ ኢሚግሬሽን፦ የመግቢያ ማህተም።
6. ማዶ ጉምሩክ፦ የሞተሩ ጊዜያዊ መግቢያ። ይህን መስኮት ማንም ላይጠራችሁ ይችላል። በሩ ክፍት ነው፣ ዘበኛው እጁን ያወዛውዛል፣ መሄድ ትችላላችሁ። አትሂዱ። «የሞተሩ ወረቀት የት ነው የሚሠራው?» ብላችሁ ጠይቁ።
7. ኢንሹራንስና የመንገድ ክፍያ።

ከእያንዳንዱ መስኮት ከመነሳታችሁ በፊት ወረቀቱን አንብቡ፦ ቀኑ ትክክል ነው? ታርጋው? የሻንሲ ቁጥሩ? የሚያበቃበት ቀን ከእሁድ ያልፋል? አንድ ፊደል ስታችሁ ከወጣችሁ ስትመለሱ ሌላ ሰው ነው መስኮቱ ላይ የሚጠብቃችሁ፣ የባልደረባውን ስህተት አያስታውስም።

ደላሎች ይመጣሉ። አንዳንዱ በእውነት ይረዳል፣ ቋንቋ ሲያጥር ሊጠቅምም ይችላል። ግን ፓስፖርትና ሊብሬ በእጁ አትስጡ፣ ክፍያውንም አስቀድማችሁ ተስማሙ። ክፍያ ሲጠየቅ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ደረሰኝ የሌለው ክፍያ ብዙ ጊዜ «ደረሰኝ እጠብቃለሁ» ብሎ በፈገግታ ቆሞ በመጠበቅ ይጠፋል። ገንዘብ የምትመነዝሩት ለነዳጅና ለአንድ ምግብ የሚሆን ብቻ ይሁን፣ የቀረውን ከባንክ።

ካልተሳካ፦ «ወረቀት ጎደለ» ከተባላችሁ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ወይም በምልክት እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ። ድምፅ አታሳድጉ። ኃላፊውን በትህትና ጠይቁ። ኃላፊውም እንቢ ካለ ተመለሱ፣ ግን በመጀመሪያ የራሳችሁን አገር የመውጫ ማህተም አሰርዙ፤ አለበለዚያ በወረቀት ውጭ አገር ናችሁ።

ደረጃ 8፦ ማዶ የመጀመሪያው 20 ኪሎ ሜትር

የመንገዱ ጎን የሚቀየር ከሆነ ኬላው ላይ ብዙ ጊዜ ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው የሚያዛውር መንገድ አለ፣ መኪኖችም ስላሉ እነሱን መከተል ቀላል ነው። አደጋው በኋላ ነው የሚመጣው፦ ከማደያ ስትወጡ፣ በማግስቱ ጠዋት ባዶ መንገድ ላይ፣ አደባባይ ላይ። ታንኩ ላይ ደማቅ ፕላስተር ለጥፉና ቀስት ሳሉበት። ስትነሱ ሁሉ ቀስቱን እዩ። ቀደም ሲል እግረኛ ሆናችሁ መንገድ የምታቋርጡበትንም ልማድ ቀይሩ፤ ወርዳችሁም አደጋው አለ።

ባልለመዳችሁት ጎን ላይ በመጀመሪያው ቀን አትቅደሙ። በቃ።

ማረፊያ ስትደርሱ ሞተሩን ከማንም ቀድማችሁ እዩ፦ ሰንሰለት፣ ብሎን፣ ጎማ ላይ ምስማር። ለነገ ጠዋት አትተውት።

ደረጃ 9፦ ሲበላሽ

ጎማ ሲፈነዳ ወይም ሲተነፍስ

ፍሬን አትያዙ። ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፣ መሪውን አጥብቃችሁ ሳትጨብጡ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፍጥነቱ ራሱ እስኪወርድ ጠብቁ። ከዚያ ከመንገዱ ወጥታችሁ ዳር ላይ አቁሙ። የውስጥ ጎማ የሌለው ከሆነ፦ ምስማሩ የት እንዳለ ምልክት አድርጉ፣ በፒንሳ ንቀሉ፣ ቀዳዳውን በመጠገኛው መሞረጃ አስፉና አጽዱ፣ የጎማ ክሩን ሙጫ ቀብታችሁ ክተቱ፣ መክተቻውን ቶሎ ሳቡ፣ ትርፉን ቁረጡ፣ ነፋስ ሙሉ። ምራቅ ወይም የሳሙና ውሃ ቀቡበት፤ አረፋ ከወጣ እንደገና ጠግኑ። ጥገናው ጊዜያዊ ነው፣ ከ80 በላይ አትንዱ፣ ጎሚስታ እስክታገኙ ብቻ። ጎኑ ላይ ያለ ቀዳዳ አይጠገንም። የውስጥ ጎማ ያለው ከሆነ ወይ ትርፍ የውስጥ ጎማና መንቀያ ይዛችኋል፣ ወይ መኪና ትጠብቃላችሁ።

ሞተሩ እምቢ ሲል

ከመፍታታችሁ በፊት በዚህ ተራ እዩ፦ የማጥፊያው ቁልፍ ተነክቷል? የጎን ማቆሚያው ወርዷል? ማርሽ ውስጥ ነው? ነዳጅ አለ? የባትሪ ጫፍ ላልቷል? ፊውዝ ተቃጥሏል? እኔ አንድ ጊዜ መቀመጫውን ፈትቼ፣ ካንዴላ ነቅዬ፣ ላብ በላብ ሆኜ ሳለ አንድ ልጅ መጥቶ የማጥፊያውን ቁልፍ ጠቅ አደረገው። ተነሳ።

አደጋ ሲደርስ

የድንገተኛ ስልክ ቁጥሩን ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 112 ነው። ለትንሽ ግጭትም ቢሆን የፖሊስ ወረቀት አስጽፉ፣ ያለ እሱ ኢንሹራንስ ላይከፍል ይችላል። እዚህ ላይ የማይታወቅ ወጥመድ አለ፦ ሞተሩ ከጥቅም ውጭ ቢሆን እንኳ ጥላችሁ መምጣት አትችሉም። ወረቀቱ ላይ «ይወጣል» ተብሏል። ወይ ተጭኖ ይውጣ፣ ወይ ጉምሩክ ፊት ይወገድና ማስረጃ ይሰጥ። ዝም ብላችሁ ከመጣችሁ የቀረጡ ዕዳ በስማችሁ ይቀመጣል። ከተሰረቀም እንዲሁ፦ ፖሊስ ጋ፣ ከዚያ የፖሊሱን ወረቀት ይዛችሁ ጉምሩክ ጋ።

ፓስፖርት ሲጠፋ

ፖሊስ ጋ አስመዝግቡ፣ ከዚያ የአገራችሁ ኤምባሲ። ቅዳሜ ከሰዓት ኤምባሲ ዝግ ነው፣ ስለዚህ የድንገተኛ ስልኩን ከቤት ጽፋችሁ ያዙ። ይህ ከሆነ እሁድ መመለሱን እርሱት፣ ለአለቃ መደወል ነው።

ደረጃ 10፦ እሁድ

በደረጃ 1 የጻፋችሁት ሰዓት ላይ ተነሱ። «አንድ ቡና ብቻ» የሚለውን ሰው አትስሙ። ከድንበሩ በፊት የተረፈውን የዚያ አገር ገንዘብ ነዳጅ አድርጉት፣ ታንኩ ውስጥ ያለው በጀሪካን እንደተያዘ ዕቃ አይቆጠርም።

ኬላው ላይ አሁን ጉምሩክ ከኢሚግሬሽን ይቀድም። የሞተሩ ጊዜያዊ ፈቃድ ካልተዘጋ በመዝገቡ ላይ ሞተሩ ገና እዚያ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ስትገቡ «ያኛው ሞተር የት ሄደ?» ይባላል፣ ገንዘብ አስይዛችሁ ከሆነም አይመለስም። የመውጫ ማህተም የተመታበትን ቅጂ ተቀበሉ፣ እዚያው ቆማችሁ ፎቶ አንሱት። ካርኔ ከሆነ መውጫው ላይ ማህተሙና ፊርማው በትክክለኛው ክፍል መሆኑን እዩ።

ኬላው ዝግ ሆኖ ከደረሳችሁ ሌላ ኬላ ፍለጋ በጨለማ አትንዱ። እዚያው አካባቢ እደሩ፣ ጠዋት ሲከፈት የመጀመሪያው ሰልፈኛ ሁኑ። ቪዛችሁ ወይም የሞተሩ ፈቃድ እሁድ እኩለ ሌሊት የሚያበቃ ከሆነ ከመዘጋቱ በፊት መድረሳችሁን የሚያሳይ ነገር ያዙ፦ የነዳጅ ደረሰኝ፣ ሰዓት ያለው ፎቶ፣ ዘበኛው ከፈረመላችሁማ እሰየው። ለዚህ ነው ደረጃ 7 ላይ ፈቃዱ ከእሁድ ማለፉን አረጋግጡ ያልኩት።

ሰኞ ማታ ሰንሰለቱን አጽዱና ቀቡ፣ ጎማውን ያ ጊዜያዊ ጥገና ካለበት አስቀይሩ፣ ካርኔ ከነበረ መዝገቡን ወደ ሰጪው ክለብ መልሱ፤ ዋስትናው የሚለቀቀው ያን ጊዜ ነው። የተዘጋውን የሞተር ፈቃድ ሊብሬው ውስጥ አስቀምጡት፣ በሚቀጥለው ጉዞ ያው ኬላ ላይ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ።